የካሜራ ሽፋን በገዛ እጅ መስፋት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለጉዞ የሚሆን የካሜራ ሽፋን ልስፋ ብለው መቀስ ያነሱ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት ይኸው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ አስቸጋሪው እንሄዳለን።

ቦርሳ እያለ ሽፋን መስፋት ለምን አስፈለገ?

ጥሩ የካሜራ ቦርሳ ካላችሁና መሸከሙ ካልከበዳችሁ፣ አያስፈልግም። ሽፋን የሚጠቅመው ካሜራውን ከልብሱና ከጫማው ጋር በአንድ የጀርባ ቦርሳ አጭቆ ለሚሄድ ሰው ነው። ለዚህ ሰው የካሜራ ቦርሳ ማለት አንድ ተጨማሪ ሻንጣ ማለት ነው። በዚያ ላይ ውስጡ ምን እንዳለ ከሩቅ ያስታውቃል። ከአሮጌ ጂንስ የተሰፋ ከረጢት ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

ሌላው ጉዳይ ልክ ነው። ተገዝቶ የሚመጣው ሽፋን ለብዙ ዓይነት ካሜራ እንዲሆን ተብሎ ስለሚሠራ ለአንዱም በደንብ አይሆንም። ወይ ካሜራው ውስጡ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ወይ ሌንሱ ካልተፈታ አይገባም።

ስፌት ብዙም አልችልም። ይሳካልኛል?

ቀጥ ያለ መስመር መስፋት ከቻላችሁ ይሳካል። ከረጢቱ ላይ ክብ ስፌት የሚባል ነገር የለም።

መርፌ ይዞ የማያውቅ ሰው ግን ከከረጢት በፊት በመጠቅለያ ቢጀምር እመክራለሁ። 45 በ45 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ጨርቆች ቁረጡ። መሐላቸው ስስ ብርድ ልብስ አግቡና አራቱን ጎን ስፉት። አንዱ ጥግ ላይ ቬልክሮ (ሲጫኑት የሚጣበቅ፣ ሲስቡት የሚላቀቅ ማያያዣ) ይደረግበታል። ካሜራው መሐል ይቀመጥና አራቱ ጥጎች እንደ ፖስታ ይታጠፉበታል። አለቀ። ከረጢቱን ከሰፋችሁ በኋላም መጠቅለያው ለትርፍ ሌንስ ይሆናል እንጂ አይጣልም።

የስፌት መኪና የለኝም። በእጅ ይሆናል?

ይሆናል፤ ጊዜ ብቻ ይፈጃል። ወደ ፊት እየሄዱ ብቻ የሚሰፉት ተራ ስፌት ግን አይበቃም፤ አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሰ ተያይዞ ይተረተራል። መርፌው ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ግማሽ መንገድ ወደ ኋላ እየተመለሰ ይግባ። እያንዳንዱ ስፌት 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይሁን። ክሩ ፖሊስተር ቢሆን ይሻላል፤ የጥጥ ክር እርጥበት ሲደጋገምበት ይደክማል። ክሩን ድርብ አድርጋችሁ ሻማ ላይ አንድ ሁለቴ ጎተት አድርጉት። አይጠላለፍም፣ ወፍራም ጨርቅ ውስጥም ተንሸራቶ ይገባል። መርፌው አልወጣ ሲል በጥርስ መሳብ ይቅርባችሁ፤ ፒንሳ አለ።

መኪና ላላችሁ ደግሞ፦ ለጂንስና ለሸራ 16 ቁጥር መርፌ (ፓኮው ላይ 100 ተብሎም ይጻፋል) አድርጉ። የስፌቱን ርዝመት ከ3 እስከ 3.5 ሚሊ ሜትር አድርጉት። አራት አምስት ንብርብር የተገናኘበት ቦታ ስትደርሱ ሞተሩን ተዉና መዘውሩን በእጅ አዙሩ። መርፌ የሚሰበረው እዚያ ነው።

ምን ዓይነት ጨርቅ ልጠቀም?

ሦስት ንብርብር አስቡ፦ የውጭው ጨርቅ፣ መሐል የሚገባው ፎም፣ እና ገበሩ። ለውጭው ጂንስ ወይም ሸራ ጥሩ ነው። ከአንድ ሰፊ የጂንስ ሱሪ እግር ብቻ የአንድ መካከለኛ ካሜራ ሽፋን ይወጣል። ጥጥ የሆነው ሁሉ ከመቆረጡ በፊት ይታጠብ፣ ይተኮስ። አዲስ የጥጥ ጨርቅ በመጀመሪያው እጥበት ከ3 እስከ 5 በመቶ ሊሰበሰብ ይችላል። ትንሽ ይመስላል። ግን 28 ሳንቲ ሜትር ጨርቅ ላይ እስከ 1.4 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ያ ደግሞ ካሜራው የመግባትና ያለመግባት ጉዳይ ነው።

ለመሐሉ የፍራሽ ስፖንጅ አልመርጥም። ውሃ ይመጥጣል፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት ወዲያው ጠረጴዛው ይነካል፣ ከዓመታት በኋላም እየተፈረፈረ ዱቄት ይሆናል። የተሻለው ውሃ የማይመጥጥ ጠጣር ፎም ነው፤ ድንኳን ውስጥ ከመኝታ ሥር የሚነጠፈው ዓይነት። 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይበቃል። ስትገዙ አውራ ጣታችሁን ጫኑበት። ጣታችሁ ታች ደርሶ መሬት ካልነካና ስትለቁት ቶሎ ከተመለሰ ጥሩ ነው።

ሰው ገበሩን ይንቀዋል፤ እኔ ግን ከሦስቱ አብልጬ የማስብበት እሱን ነው። ካሜራውን ሙሉ ቀን የሚነካው ገበሩ ነው። የመጀመሪያ ሽፋኔን ቀይ ከፋይ ገበር አድርጌለት ነበር። ሲያዩት ያምራል፣ እንደ ጌጥ ሣጥን ነው። ጉዞው በተጀመረ በሦስተኛው ቀን የሌንሱን ማዞሪያ ቀለበት ሳይ ዙሪያውን ቀይ ብናኝ ተሰግስጎበታል። ባትሪ በር ውስጥም ነበር። ሌንስ ስቀይር ያ ነገር ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰር ላይ ቢያርፍስ ብዬ ቀኑን ሙሉ ሌንስ ሳልፈታ ዋልኩ። ስለዚህ ገበሩ ጥቅጥቅ ብሎ የተሠራና ብናኝ የማይተው ይሁን፤ ልስልስ ያለ የጥጥ አንሶላ ሁለቴ ታጥቦ ግሩም ነው። ለመፈተን ጥቁር ጨርቅ ላይ በኃይል ፈትጉት። ጥቁሩ ላይ የቀረ ነገር ካለ ሌላ ፈልጉ።

ልኩን እንዴት ላውጣ?

ካሜራው ለጉዞ በሚገባበት ሁኔታ ይለካ። ሌንሱ እንደተገጠመ፣ ክዳኑ እንዳለ፣ ማንገቻው እንደተጠቀለለ። ባዶውን አካል ብቻ ለክቶ የሰፋ ሰው ሁለተኛ ሽፋን ይሰፋል። ከራሴ ነው የምናገረው።

ሦስት ቁጥር ያስፈልጋችኋል፦ ወርድ፣ ቁመት፣ እና ከጀርባው እስከ ሌንሱ ጫፍ ያለው ጥልቀት። ምሳሌ እንውሰድ። ወርዱ 13፣ ቁመቱ 10፣ ጥልቀቱ 8 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የገበሩ ቁራጭ ወርድ የሁለቱ ድምር ነው፤ 13 እና 8፣ 21። ለመላወሻ 1፣ ግራና ቀኝ ለስፌት ትርፍ 2 ስትጨምሩ 24 ይሆናል። ለርዝመቱ የካሜራው ቁመት 10፣ የጥልቀቱ ግማሽ 4፣ ከታች ለስፌት 1፣ ከላይ ለማጠፊያና ለመላወሻ 5፤ ድምሩ 20። እንግዲህ ገበሩ 24 በ20 የሆኑ ሁለት ቁራጮች ነው።

የውጭው ጨርቅ ፎሙንም ስለሚያቅፍ ሰፋ ማለት አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ገበሩንና ውጩን እኩል ይቆርጥና ከረጢቱ ካሜራውን አላስገባም ይላል። ፎሙ 1 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ወርዱ 15፣ ጥልቀቱ 10 እንደሆነ ካሜራ ቁጠሩት። ወርዱ 15 እና 10፣ 25፤ በ3 ትርፍ 28። ርዝመቱ 11 (ከታች ፎም አለና)፣ 5፣ 1 እና 5፤ ድምሩ 22። ውጩ 28 በ22፣ ሁለት ቁራጭ። ፎሙ ደግሞ አምስት ቁራጭ ነው፦ የፊትና የኋላው 15 በ13፣ ሁለቱ ጎኖች 8 በ13፣ የታችኛው 13 በ8። ፎም ላይ የስፌት ትርፍ አይታሰብም፤ ስፌት ውስጥ ከገባ መርፌውን ያስለቅሳል፣ ጥጉንም ያሳብጣል።

ጨርቁን ከመቁረጣችሁ በፊት ልኩን ጋዜጣ ላይ አውጡና በፕላስተር አጣብቃችሁ ካሜራው ላይ ሞክሩት። ሃያ ደቂቃ ነው። መስመሩን በጠመኔ ወይም በሳሙና ስባሪ ብታሰምሩት በእጥበት ይለቃል።

የቱ ቀድሞ ይሰፋል?

ኪስ የሚኖረው ከሆነ መጀመሪያ እሱ ውጩ ላይ ይሰፋ፤ ማንገቻው ደግሞ ውጩ ተሰፍቶ ከተገለበጠ በኋላ፣ ገበሩ ሳይገባ። ከረጢቱ ከተዘጋ በኋላ እጅ መግቢያ የለም። ከዚያ ሁለቱን የውጭ ቁራጮች ፊትና ፊት አገናኝታችሁ ጎንና ጎኑን፣ ከዚያም ታቹን በ1 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ስፉ። አሁን ጠፍጣፋ ከረጢት ሆነ። ታች እንዲኖረው የታችኛውን ጥግ ያዙና የጎኑ ስፌት በታቹ ስፌት ላይ እንዲተኛ አድርጋችሁ ዘርጉት፤ ሦስት ማዕዘን ይሆናል። ጫፉን አግድም ስፉት። የአግድሙ መስመር ርዝመት ከጥልቀቱ ጋር እኩል ነው፦ በምሳሌያችን ለውጩ 10፣ ለገበሩ 8። ሌላኛውም ጥግ እንዲሁ። ትርፉን ቁረጡና ገልብጡት።

ገበሩም በተመሳሳይ ይሰፋል፤ እሱ ግን አይገለበጥም። ፎሞቹን በገበሩ ጀርባ ላይ በቦታ በቦታቸው አድርጋችሁ በእጅ አራት አምስት ቦታ በመርፌና በክር ነካ ነካ አድርጓቸው። ከዚያ ገበሩ ከነፎሙ ውጩ ውስጥ ይገባል። ቀጥሎ ክዳኑ፦ 15 ሳንቲ ሜትር ወርድ፣ 18 ያህል ርዝመት፣ ካሜራው አናት ላይ የሚያርፈው ክፍል ብቻ ፎም ያለው። የገበሩንና የውጩን አፍ 3፣ 3 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ እጠፉ፣ የክዳኑን ጫፍ ከኋላ በኩል መሐላቸው አግቡ፣ በስፒል ያዙት፣ ዙሪያውን ስፉ። ይቺ የመጨረሻዋ ዙር ወፍራም ናት፤ ቀስ።

ዚፕ ይሻላል፣ ቬልክሮ፣ ቁልፍ ወይስ ማግኔት?

የእኔ ምርጫ ቬልክሮ ነው፤ 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው። ለጀማሪ ይቀላል፣ ልክ ትንሽ ቢዛነፍም ይዘጋል። ጸጥታ በሚፈለግበት ቦታ ጨርርር ማለቱ ግን ያሳፍራል። ሻካራው ወገን ክዳኑ ላይ፣ ለስላሳው ከረጢቱ ላይ ይሁን፤ ካሜራው ሲገባና ሲወጣ ሻካራውን እንዳይታከክ ነው። ዚፕ ከመረጣችሁ ጥርሱ ፕላስቲክ ይሁን፤ ከሥሩም 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የጨርቅ መከለያ ስፉበት። የብረት ዚፕ የካሜራውን ጀርባ መስታወት ሲጭር ድምፁ እንኳ አይሰማም።

ማግኔት ያለው ቁልፍ ሚሞሪ ካርዱን ያጠፋብኛል ብለው የሚፈሩ አሉ። አያጠፋም። ሚሞሪ ካርድ መረጃ የሚይዘው በኤሌክትሪክ ቻርጅ እንጂ በማግኔት አይደለም። መጠንቀቅ ያለባችሁ ጥቁር ማግኔታማ መስመር ያለው የባንክ ካርድ እዚያው ኪስ ውስጥ ከከተታችሁ ነው።

ማንገቻው እንዳይበጠስ ምን ላድርግ?

ማንገቻውን ከላይ አፉ ላይ ብቻ አትስፉት። ከአንዱ ጎን ወርዶ፣ በታች ዞሮ፣ በሌላው ጎን የሚወጣ አንድ ወጥ ጥብጣብ ይሁን። ያኔ ክብደቱን የሚሸከመው ጥብጣቡ ራሱ ነው፤ ስፌቱ ቦታውን ብቻ ይይዛል። ስፋቱ ከ2.5 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር። የአሮጌ ቦርሳ ማንገቻ ጥሩ ነው። ከላይ የሚጨርስበት ቦታ ላይ አራት ማዕዘን ስፉና መሐሉን በመስቀለኛ አጥብቁት።

ካሜራው ቢወድቅ ሽፋኑ ያድነዋል?

ከወገብ ከፍታ ድንጋይ ላይ ከወደቀ አላምነውም። 1 ሳንቲ ሜትር ፎም የሚችለው የቦርሳ ውስጥ ግጭትን፣ ጠረጴዛ ላይ ጠንከር አድርጎ ማስቀመጥን፣ የአውቶቡስ መንገጫገጭን ነው። የፎም ሥራ የምቱን ጊዜ ማስረዘም ነው። ቀስ ብሎ የቆመ ነገር ብዙም አይጎዳም። ፎሙ በጣም ለስላሳ ከሆነ ግን ገና ሳያዘገየው ተጨምድዶ ያልቃል፣ ካሜራውም መሬቱን ያገኘዋል።

እኔ የምፈትነው በእንቁላል ነው። ጥሬ እንቁላል በፕላስቲክ ከረጢት አስሬ፣ የቀረውን ቦታ በሩዝ ሞልቼ ካሜራውን እንዲያህል አደርገውና ከጉልበት ከፍታ እለቀዋለሁ። አንድ ጊዜ ታቹ ጠፍጣፋ ሆኖ ሲያርፍ ምንም አልሆነም፤ በጥጉ ሲያርፍ ግን ፍርጥ አለ። ከፍቼ ሳየው የጎኑና የታቹ ፎም ተንሸራቶ መሐላቸው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥጎቹ ላይ ክፍተት አለመኖሩን ሳላረጋግጥ አልዘጋም።

ዝናብ ላይስ? ውሃ እንዳያስገባ ማድረግ ይቻላል?

ሙሉ በሙሉ አይቻልም። መርፌ የገባበት ቀዳዳ ሁሉ የውሃ በር ነው። ጨርቁ ውሃ እንዲቋቋም ማድረግ ግን ይቻላል፦ የንብ ሰም ወይም ሻማ ሸራው ላይ ፈትጉና፣ በተለይ ስፌቱ ላይ፣ በፀጉር ማድረቂያ አሙቁት። ሰሙ ሟሙቶ ወደ ውስጥ ይገባል። ይህ ለካፊያ ይበቃል፤ ለዶፍ ሽፋኑን ከነካሜራው ፕላስቲክ ውስጥ ክተቱት።

በዝናብ ማንሳት ለሚፈልግ ደግሞ ሌላ ሽፋን አለ፤ ፎም የሌለው፣ ከተሰበረ ጃንጥላ የሚሰፋ። የጃንጥላው ጨርቅ ስስና ውሃ የሚያንሸራትት ስለሆነ ለዚሁ የተፈጠረ ይመስላል። ካሜራውንና ሁለቱን እጅ የሚያስገባ ሰፊ ቱቦ አድርጋችሁ ስፉት። በአንዱ ጫፍ ላስቲክ ከቱና ሌንሱ ላይ ይጠብቅ፤ እጃችሁ በሌላው ጫፍ ይገባል። የተቆረጠውን ጠርዝ የሻማ ነበልባል አጠገብ ፈጠን አድርጋችሁ ብታሳልፉት ይቀልጥና መተርተሩን ያቆማል። መስኮት ከፍታችሁ፣ ከፀጉራችሁም አርቃችሁ።

ለባትሪ ኪስ ልስፋለት? አውሮፕላን ላይ ችግር አለው?

ስፉለት፤ ግን ለእያንዳንዱ ባትሪ የራሱ ኪስ። ትርፍ የሊቲየም ባትሪ ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም፤ በእጅ ሻንጣ ነው የሚያዘው። የባትሪው የብረት ነጥቦችም ከሳንቲም ወይም ከቁልፍ ጋር እንዳይገናኙ መሸፈን አለባቸው። እስከ 100 ዋት ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ) ድረስ የተለየ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ከ100 እስከ 160 የአየር መንገዱ ፈቃድ ያስፈልጋል። የካሜራ ባትሪ ከዚህ ቁጥር ሩቅ ነው፦ 7.2 ቮልትና 2000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ 14.4 ዋት ሰዓት ብቻ ነው።

ኪሶቹ ጠበብ ብለው ክዳን ቢኖራቸው ጥሩ ነው። የሞላውን ነጥቡን ወደ ታች፣ ያለቀውን ነጥቡን ወደ ላይ አድርጋችሁ ብትከቱ በጨለማ እንኳ በጣት ይለያል።

ሽፋኑ ሲቆሽሽስ?

በየጊዜው ገልብጣችሁ አራግፉት፤ አሸዋ ያለበት ቦታ ከነበራችሁ ስፌቶቹን በጥርስ ብሩሽ። ሲታጠብ በእጅ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ በሰም የተቀባው ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ይወልወል። ካሜራው ተመልሶ የሚገባው ውስጡ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ነው። ውጩ ደርቆ መሐሉ እርጥብ ሊሆን ስለሚችል አንድ ቀን ጨምሩለት።

ከጉዞ ስመለስ ካሜራውን እዚያው ሽፋኑ ውስጥ ላስቀምጠው?

አይሆንም። ሽፋን የጉዞ ልብስ እንጂ የመኖሪያ ቤት አይደለም። ጨርቅ እርጥበት ይይዛል፤ ጨለማና እርጥበት ሲገናኙ ሌንስ ውስጥ ሻጋታ ይበቅላል። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ሌንሱ ውስጥ ካያችሁ እሱ ነው፤ ቆይቶ የመስታወቱን ቅብ ይበላል። የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ በታች በሆነ ቦታ አስቀምጡት። ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥጡ ትንንሽ ፍሬዎች) አብሮ ቢቀመጥ ይረዳል፣ ግን የሚሠራው በደንብ በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ ነው። ጨርቅ ከረጢት ውስጥ ብትጨምሩት የክፍሉን አየር እርጥበት ሲመጥጥ ይውልና ይጠግባል።

ከብርድ ወደ ሞቃት ክፍል ስትገቡም ሽፋኑን ወዲያው አትክፈቱ። ቀዝቃዛው ካሜራ ላይ ሞቃት አየር ሲነካው ጤዛ ይሠራል፣ ውስጡም ጭምር። ከመግባታችሁ በፊት ከነሽፋኑ አየር በማያስገባ ፕላስቲክ እሰሩት፤ ጤዛው ፕላስቲኩ ላይ ይቀራል። አንድ ሁለት ሰዓት ታገሡ። ፎሙ ሙቀትን ስለሚያዘገይ ሽፋን ውስጥ ያለ ካሜራ ከባዶው ይልቅ ዘግይቶ ነው የሚሞቀው።

ሽፋኑ ውስጥ እያለ ቻርጅ ባደርገውስ?

ፎም ሙቀት አያስወጣም። ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ይሞቃል፣ ረጅም ቪዲዮ የቀረጸ ካሜራም እንዲሁ። ቻርጅ ስታደርጉ አውጡት። ቪዲዮ ቀርጻችሁ ከሆነም አጥፉትና እጅ ላይ ቀዝቀዝ እስኪል ጠብቁ። ደግሞም ከመክተታችሁ በፊት መጥፋቱን አረጋግጡ፤ ጠበብ ያለ ሽፋን የመክፈቻውን ቁልፍ ገፍቶ ሊያበራው ይችላል። የእናንተ ካሜራ እንደዚያ ካስቸገረ በዚያ በኩል ካለው ፎም ላይ ቁልፉን የምታህል ጉድጓድ በምላጭ ፈልፍሉለት።